አፕል በባለ 105 ካሬ ግቢ

ሰኔ ሲጋመስ የአዲስ አበባ የመንገድ ዳር ችግኝ ቤቶች ገበያቸው ይደራል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አጥቦ ሲያበቃ፣ መኪናቸውን ዳር አስይዘው የወረዱ ሰዎች በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ከተደረደሩት ችግኞች መሀል እየተሽሎከሎኩ ያማርጣሉ። በአንዱ እንዲህ ባለ ቀን አንድ ጎልማሳ ወገቡ ድረስ የምትመጣ የአፕል ችግኝ አንስቶ ሲያገላብጥ፣ ሻጩ ልጅ ፈጠን ብሎ መጣ።

«ድዋርፍ ናት ጋሼ። ከእርስዎ ቁመት አታልፍም።»

«እርግጠኛ ነህ? ግቢዬ እኮ 105 ካሬ ነው። ቤቱ ወስዶት የተረፈኝ ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ ያለችው ብቻ ናት።»

«ምን ችግር አለው! በርሜል ውስጥም ትሆናለች። በዓመቷ ፍሬ ይበላሉ።»

አጠገባቸው ሮዝሜሪ ሲመርጡ የነበሩ እናት ቀና አሉና «ስሯ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ሳቅ አለ። «ስሯማ ስር ነው እናቴ!»

ጎልማሳው ገዝቶ ሄደ። ሴትዮዋ ግን ዋናውን ጥያቄ ነበር ያነሱት። የአንድ አፕል ዛፍ ቁመት በአብዛኛው የሚወሰነው ከአፈር በታች ባለው ክፍል ነው፤ ሻጩ ስለ ስሩ ምንም ካላወቀ «ከእርስዎ ቁመት አታልፍም» የሚለው ቃሉ ምኞት እንጂ መረጃ አይደለም።

የተዳቀለ ተብሎ የሚሸጥ የአፕል ችግኝ ሁለት ተክል ነው። ላይኛው፣ ፍሬውን የሚሰጠው፣ ስሙ ከሚታወቅ ዝርያ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው። ታችኛው፣ ስሩንና የግንዱን መነሻ የሚሰጠው፣ ሌላ አፕል ነው። ሁለቱን በስለት ቆርጦ፣ ልጥን ከልጥ አጋጥሞና በፕላስቲክ ጠፍንጎ አንድ ያደረጋቸው የሰው እጅ ነው። ይህ የክተባ ሥራ ያስፈለገው አፕል ከዘር ሲበቅል እናቱን ስለማይመስል ነው። ጣፋጭ አፕል በልታችሁ ዘሯን ብትቀብሩ የሚወጣው ዛፍ ኮምጣጣ ሊያፈራ፣ ስምንትና ዘጠኝ ሜትር ሊቆም፣ የመጀመሪያ ፍሬውን ለማሳየትም ብዙ ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል።

ላይ የተከተበው ዝርያ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ታች ያለው ስር ሲለወጥ የዛፉ ቁመት ይለወጣል። ኤም 27 በተባለው ስር ላይ የቆመ አፕል ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ኤም 9 ላይ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ይደርሳል፤ ኤም 26 ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ኤምኤም 106 አራት ሜትርን ይጠጋል፤ ኤምኤም 111 ደግሞ ያንንም ያልፋል። አፈሩ ደካማ ከሆነ ሁሉም ዝቅ፣ ለም ከሆነ ሁሉም ከፍ ይላሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን አይናወጥም።

እነዚህ የሞተር ሞዴል የሚመስሉ ስሞች ታሪክ አላቸው። የአውሮፓ አትክልተኞች አፕልን የሚያሳጥሩ ስሮችን ለዘመናት ያውቁ ነበር፤ «ፓራዳይዝ» እና «ዱሳን» ይሏቸዋል። ችግሩ ገበያው ነበር። በአንድ ስም ብዙ ዓይነት ስር ይሸጣል፤ አንዱም ስር በተለያየ አገር የተለያየ ስም ይዞ ይዞራል። ገዢው ድንክ ብሎ ተክሎ ከዓመታት በኋላ ጣራውን የሚጋፋ ዛፍ ያገኛል። በ1913 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ኬንት አውራጃ ኢስት ሞሊንግ በተባለ ስፍራ የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ሮናልድ ሃተን የተባሉ ተመራማሪ ከየአገሩ የተሰበሰቡትን ስሮች ጎን ለጎን ተክለው፣ መንትያውን ከመንትያው፣ እንግዳውን ከእንግዳው እየለዩ፣ በተምታታው ስም ፈንታ ቁጥር ሰጧቸው። «ኤም» የሚለው ፊደል የሞሊንግ መነሻ ነው።

ከሁሉ ዝነኛ የሆነው ኤም 9 በ1879 በፈረንሳይ ሳይታሰብ በቅሎ የተገኘ ተክል ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ የአፕል እርሻዎች ብዙዎቹ የቆሙት በእርሱና በልጆቹ ላይ ነው፤ በአንድ ሄክታር ሦስት ሺህ ያህል ዛፍ ተጠጋግቶ ይተከላል፣ ለቃሚውም መሰላል ሳይፈልግ ቆሞ ይለቅማል። ኤምኤም የሚባሉት ስሮች ደግሞ የተወለዱት ሱፍ የለበሰ የሚመስለው ክሽክሽ የአፕልን ስር እየበላ ባስቸገረ ጊዜ ነው። ኢስት ሞሊንግ ሜርተን ከነበረው የጆን ኢነስ ተቋም ጋር ሆኖ፣ ይህን ተባይ የሚቋቋመውን ኖርዘርን ስፓይ የተባለ አሜሪካዊ አፕል አዳቀለበት። ሁለተኛው «ኤም» ከሜርተን የመጣ ነው።

ስሩ ላይኛውን እንዴት ያሳጥረዋል? አሳጣሪ ስር ልጡ ወፍራም፣ ውሃ የሚያሳልፍባቸው የእንጨቱ ቱቦዎች ጠባብ ናቸው። ውሃው ሲገደብ ለጋው ቅርንጫፍ እንደ ልቡ አይረዝምም። ከዚህ ሌላ፣ ከጫፍ ወደ ስር የሚወርደው የእድገት ሆርሞን በወፍራሙ ልጥ ላይ ሲያልፍ ይቀንሳል፤ ስሩም በምላሹ ወደ ላይ የሚልከው ያንሳል። ዛፉ ወደ ቁመት የማያወጣውን ጉልበት ወደ አበባ ያዞረዋል። ድንክ ዛፍ በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመቱ የሚያፈራው ለዚህ ነው። ዋጋም ያስከፍላል፦ የኤም 9 ስር ጥልቀት የሌለውና ተሰባሪ ስለሆነ ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ ከጠንካራ ምሰሶ ጋር ታስሮ መኖር አለበት። ያለ ምሰሶ ከተተከለ አንድ የሐምሌ ውሽንፍር ከነፍሬው ሊጥለው ይችላል።

እነዚህ የእንግሊዝ ቁጥሮች ወደ እኛ ግቢ የገቡበትን መንገድ ለማየት ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ከአርባ ምንጭ የሙዝ ማሳ ተነስቶ በዶርዜ አድርጎ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከቆላ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ቀርከሃና እንሰት ያለበት ብርድ ውስጥ ይከታል፤ ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አፕል ወደዚያ ደጋ የገባው በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን እጅ ነው፤ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንም ችግኝ በማባዛትና ገበሬውን ክተባ በማስተማር ስሟ ይነሳል። ዛሬ የጨንቻ ገበሬ ኤም 9 እና ኤምኤም 106 ምን እንደሆኑ ያውቃል፤ ቢላውን ይዞ ያዳቅላል፤ አንዳንዱም ከፍሬው ይልቅ ችግኙን ሸጦ የበለጠ ያገኛል። አገሪቱ ላይ የተበተነው የአፕል ችግኝ ብዙው መነሻው ከዚያ ነው። ቁጥሩ የሚጠፋው በመንገድ ላይ ነው። ከጨንቻ በስምና በቁጥር የወጣው ችግኝ ሁለትና ሦስት ነጋዴ ቀይሮ አዲስ አበባ ሲደርስ «ድዋርፍ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ይዞ ይቀራል።

ስሩ ቁመቱን ይወስናል፤ ፍሬ መኖር አለመኖሩን ግን የሚወስነው ላይኛው ዝርያ ነው፤ አዲስ አበቤው በብዛት የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። አፕል የክረምት እንቅልፍ የለመደ የብርድ አገር ዛፍ ነው። ብዙው ዝርያ ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ 800 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካልተኛ በአግባቡ አይነቃም። ከኅዳር እስከ ጥር የአዲስ አበባ ሌሊት ይቆረፍዳል፤ ቀኑ ግን 23 ዲግሪ ድረስ ይሞቅና ሌሊቱ ያጠራቀመውን ይሽራል። እንዲህ ያለ ዛፍ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ብቻ ቅጠል አውጥቶ መሀሉ እርቃኑን ይቀራል፤ አበባውም ዓመቱን ሙሉ አንድ ሁለት እያለ ይንጠባጠባል።

ለእንዲህ ዓይነቱ አየር የተፈጠሩ ሁለት ዝርያዎች አሉ። አንደኛዋ አና ትባላለች፤ አባ ሽታይን የተባሉ አዳቃይ በእስራኤል አገር በኪቡትስ ዔን ሼመር ያወጧት፣ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ብርድ የሚበቃት ቀይ አፕል ናት። ሁለተኛው ዶርሴት ጎልደን ነው፤ በረዶ በማታውቀው ባሃማስ፣ ናሳው ውስጥ፣ አይሪን ዶርሴት በተባሉ ሴት ግቢ የተገኘ ቢጫ አፕል። አና በራሷ አበባ ዱቄት ብቻ በቂ ፍሬ አትይዝም፤ በአንድ ጊዜ የሚያብብ ጎረቤት ትፈልጋለች፣ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ በትክክል ያ ጎረቤት ነው። ሁለት ዛፍ የሚተከልበት ቦታ ለሌለው ሰው መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ግንድ ላይ መከተብ ነው። ይህን የሚሠራ ባለሙያ ካገኛችሁ ክፍያውን አትከራከሩት።

ያም ሆኖ ዛፉ እንቅልፍና ንቃት ቢምታታበት አንድ ዘዴ አለ። በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ጃቫ፣ ባቱ በተባለች ደጋማ ከተማ አካባቢ፣ ገበሬዎች ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ የዛፉን ቅጠል በሙሉ በእጃቸው ይመለምሉታል። ቅጠል ያጣው ዛፍ ክረምት አልፎለት የነቃ ያህል አንድ ላይ ያብባል፤ በዚህ መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ ጥር ላይ፣ ይህን ማድረግ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ያለችን አንዲት አፕል ለማንቃት ከማንኛውም ኬሚካል የሚቀል ሥራ ነው። ለአንድ ትንሽ ዛፍ የአንድ ከሰዓት ጨዋታ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። በባለ 105 ካሬ ቦታ ላይ ከአፈሩም ከውሃውም በፊት የሚታሰበው ጥላ ነው፤ ግንብ አጥር በአራቱም ማዕዘን አለና። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው። ታኅሣሥ ላይ ዘንበል ማለቷ ይብሳል፤ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው አጥር በቀትር ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ስለዚህ ዛፏን በግቢው ደቡባዊ አጥር ስር ለጥፎ መትከል በጋውን ሙሉ በጨለማ ማሳደር ማለት ነው። ሰሜናዊውን አጥር ተጠግታ ብትቆም ግን በጋውን ሙሉ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ትውላለች። ምሥራቃዊው አጥርም የከሰዓቷን ፀሐይ ይሰጣል። አጥሩ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ቅጠል ስለሚጠብስ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ራቅ ማድረግ ነው።

ግንብ መኖሩ ዕዳ ብቻ አይደለም። በቬርሳይ የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ጓሮ ሹም የነበሩት ዣን ባቲስት ደ ላ ኬንቲኒ፣ ከ1678 እስከ 1683 ባስገነቡት የፍራፍሬ ግቢ ዛፎችን በግንብ ላይ ዘርግተው ያሳድጉ ነበር፤ ግቢው ዛሬም አለ። አሠራሩ ንጉሥ አይጠይቅም። በግንቡ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ሽቦ ይወጠራል፣ ግንዱ መሀል ይቆማል፣ የጎን ቅርንጫፎቹ በለጋነታቸው ሽቦው ላይ ይታሰራሉ፣ ወደ ፊት የሚወጣው ይቆረጣል። ወደ ጎን የተኛ ቅርንጫፍ ቀጥ ካለው ይልቅ አበባ ይይዛል። አርባ ሳንቲም ስፋት ባለው መደብ ላይ ሦስት ሜትር የሚዘረጋ አፕል ማኖር ይቻላል፤ መኪናውም መቆሚያ አያጣም።

አፈሩ እንደ ሰፈሩ ነው። በእንጦጦ በኩል ያለው ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል። ወደ ቦሌና አቃቂ ያለው ዋልካ ግን ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ስር ያበሰብሳል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ስር ይበጥሳል። በዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጥሩ አፈር መሙላት ጉድጓዱን የውሃ ገንዳ ማድረግ ነው። እዚያ የሚሻለው አንድ ክንድ የሚያህል ጉብታ ከቀይ አፈርና ከብስባሽ ሠርቶ እላዩ ላይ መትከል ነው።

ስትተክሉ ከሁሉ በላይ የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ እንደ ጉልበት የጎበጠ ጠባሳ ይታያል፤ ክተባው የተደረገበት ቦታ ነው። ያ ጠባሳ መቼም ቢሆን አፈር ውስጥ መግባት የለበትም። ከተቀበረ ላይኛው ዝርያ የራሱን ስር ያወጣል፤ የራሱን ስር ካወጣ የታችኛው ሥልጣን ያበቃል፣ ድንክ ተብሎ የተገዛውም ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ የጎረቤትን መስኮት ይጋርዳል። «እንዲጠነክር» እያሉ ግንዱ ላይ አፈር መከመር የለመደብን ነገር ስለሆነ ይህ ጥፋት በየግቢው ይሠራል። ከጠባሳው በታች የሚበቅል ቡቃያም የስሩ ነውና እንደታየ ይነቀል። ጠባሳ ጭራሹን የሌለው ችግኝ ካጋጠማችሁ ከዘር የበቀለ ነው፤ የድንክ ዋጋ አትክፈሉበት።

በርሜልን በተመለከተ ሻጩ ልጅ ግማሽ እውነት ነው የተናገረው። ለሁለት የተሰነጠቀ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል በኤም 27 ወይም በኤም 9 ላይ ላለ አፕል ይበቃል። ከስሩ በርከት ያለ ቀዳዳ ይበሳል፣ ሬድ አሽ ይነጠፍበታል፣ ከዚያ የጫካ አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ ተደባልቆ ይሞላል። ብርቱ ስር ያለውን ዛፍ ግን በርሜል ድንክ አያደርገውም፤ ያስጨንቀዋል እንጂ። ስሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ሲያልቅ ፍሬው ያንሳል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ አውጥቶ የተጠመጠመውን ስር መከርከምና አፈሩን ማደስ ግድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የበጋ በርሜል በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ማጠጣትን አስቡበት፤ የአትክልት እጣቢ ውሃና በላዩ የተጎዘጎዘ ገለባ ብዙ ያግዛሉ። መሬት ካላችሁ መሬት ላይ ትከሉ። በርሜል የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ላለ ሰው ነው።

«በዓመቷ ፍሬ ይበላሉ» የሚለውስ? ልታብብ ትችላለች፤ የመጀመሪያውን ዓመት ፍሬ ግን ገና ጥሬ ሳለ ማንሳት ነው፤ አለበለዚያ ስሯ ሳይጸና ጉልበቷ ያልቃል። በኋላም በአንድ እቅፍ ከሚወጡት አምስት ስድስት ፍሬዎች አንዱን ብቻ ትቶ ሌላውን ማሳሳት ያስፈልጋል። ያልሳሳ አፕል ዘንድሮ እንቁላል የማያህል ፍሬ ያዥጎደጉድና ለከርሞ ይከለክላል። ይህን ሥራ ሰው አይወደውም። የያዘን ፍሬ መቁረጥ ለእናቶቻችን ነውር ነው የሚመስላቸው።

የሌላው ፍራፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ኮክና ፕሪም የአዲስ አበባን አየር የለመዱ ናቸው፤ ኮክ ግን የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ በየዓመቱ ከለቀማ በኋላ በድፍረት ካልተገረዘ ፍሬው ወደ ሰማይ ይሸሻል። አፕል በተቃራኒው ነው፤ አጫጭርና ጉጣም ቅርንጫፎቹ ላይ ዓመት እስከ ዓመት ስለሚያፈራ እነሱን መልምሎ «አጸዳሁት» ማለት ምርቱን መጣል ነው። ሮማን በተፈጥሮው ቁጥቋጦ ነው፣ በርሜልም ይስማማዋል። ሎሚ ይዘገያል እንጂ ይሆናል። አቮካዶ የከተማው ሰው ፍቅር ነው፣ ለትንሽ ግቢ ግን አልመክረውም፤ የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራቱ እውነት ቢሆንም ቁመቱን የሚገታለት ስር ገበያችን ላይ የለም፤ በየዓመቱ ጫፉን የሚቆርጥ ባለቤት ከሌለው ጣራ ያልፋል። ማንጎ ለአዳማና ለባሕር ዳር ግቢ ይሁን፤ ከለቀማው ማግሥት ከተገረዘ እዚያ በሦስት ሜትር ይገታል። አዲስ አበባ ላይ ቅጠሉን ከማየት በቀር ብዙ አትጠብቁ።

መንግሥት አረንጓዴ አሻራን ከጀመረ ከ2019 ወዲህ የችግኝ ሥራ ተስፋፍቷል፤ የሌማት ትሩፋትም ጓሮን የምግብ ምንጭ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለቱም በቁጥር ነው የሚናገሩት፦ ስንት ችግኝ ተተከለ፣ ስንት ተከፋፈለ። ለከተማ ነዋሪ የሚጠቅመው ግን ከችግኙ ጋር የምትንጠለጠል አንዲት ካርድ ናት፤ ላይኛው ምን ዝርያ፣ ታችኛው ምን ስር፣ መቼና የት እንደተከተበ የተጻፈባት። ኢስት ሞሊንግ ከመቶ ዓመት በፊት ያስተካከለው ይህንኑ ነው፤ የጨንቻ አዳቃይም ዛሬ ቢጠየቅ ከነቁጥሩ ይነግራል። የችግኝ ቤቶችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው አካል ካርዷን ግዴታ ቢያደርግ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።

እስከዚያው ዘንድሮ ለመትከል ያሰባችሁ፣ ጉድጓዱን ወይም ጉብታውን ግንቦት ላይ አዘጋጁ፤ ብስባሹ ከአፈሩ ጋር ይዋሃድ። ችግኙን ስትገዙ የክተባውን ጠባሳ በእጃችሁ ዳስሱ፣ የስሩን ቁጥርና የዝርያውን ስም ጠይቁ፣ ሻጩ የማያውቅ ከሆነም ችግኙ ከየት እንደመጣለት አጣርታችሁ ወደ ምንጩ ደውሉ። አና ካገኛችሁ ዶርሴት ጎልደንን ሳትይዙ አትመለሱ።